«ማን ጫን አለህ?»

ጌም ሲጭን አካውንቱን የተሰረቀ ልጅ ከሁሉም በፊት የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «ምን ጠፋህ?» አይባልም። «መቼ ነው የሆነው?» አይባልም። የሚባለው «ማን ጫን አለህ?» ነው። አባት ይሉታል፤ ታላቅ እህት ትለዋለች፤ ላፕቶፑን የወሰዱለት የኮምፒውተር ጠጋኝም ክዳኑን እየከፈተ ይህንኑ ይደግምለታል። ጓደኞቹ ደግሞ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይስቁበታል። ልጁም ትምህርቱን ይወስዳል። ትምህርቱ ግን «ሁለተኛ አልጭንም» አይደለም፤ «ሁለተኛ አልናገርም» ነው።

ይህን የምንጽፈው ያንን ጥያቄ ለመቃወም ነው። ለልጁ አዝነን ብቻም አይደለም። ጥያቄዋ በሁለት በኩል ታጠፋለች፤ አንደኛ ነገሩን በትክክል አትገልጸውም፣ ሁለተኛ ሌባውን ታግዛለች። እስቲ ከሌባው እንጀምር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ባጅ የሚሰርቅ ሌባ

ድሮ የምናውቀው ቫይረስ ጉረኛ ነበር። ፍላሽ ላይ ያለውን ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ያደርገዋል፣ ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፈዋል፣ ሲብስበት ፋይላችሁን ቆልፎ «ገንዘብ አምጡ» ይላል። መግባቱን ታውቃላችሁ። የአሁኑ ጸጥተኛ ነው። ፈረንጆቹ «ኢንፎስቲለር» ይሉታል፤ እኛ መረጃ ሰራቂ እንበለው። ሬድላይን፣ ራኩን፣ ቪዳር፣ ሉማ እየተባሉ የሚጠሩት ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው። አንዴ ከተከፈተ ሥራው የደቂቃዎች ነው። ብራውዘሩ ላይ «ሴቭ» የተደረገውን ፓስወርድ፣ የካርድ ቁጥር፣ የስቲምና የዲስኮርድ መግቢያ፣ የክሪፕቶ ዋሌት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቶ የተተወ ቴሌግራም፣ ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል። ስክሪኑን ፎቶ ያነሳል። ጠቅልሎ ለጌታው ይልካል። አንዳንዱ ከዚያ በኋላ ራሱን ያጠፋል። እናንተ ጌሙ ለምን አልከፈት እንዳለ እየተናደዳችሁ ነው፤ እሱ ጨርሶ ሄዷል።

ከሚለቅማቸው ነገሮች ሁሉ ክፉዋ ፓስወርድ አይደለችም፤ «ኩኪ» የምትባለዋ ናት። አንድ ትልቅ ሕንፃ ስትገቡ በር ላይ መታወቂያ ታስይዛላችሁ፤ ጥበቃው አይቶ ባጅ ይሰጣችኋል። ከዚያ በኋላ በየፎቁ መታወቂያ የሚጠይቃችሁ የለም፤ ባጁ አንገታችሁ ላይ እስካለ ድረስ የተፈተሻችሁ ሰው ናችሁ። ኩኪ ያቺ ባጅ ናት። ጂሜይልም ቴሌግራምም ስትከፍቱ በየቀኑ ፓስወርድ የማይጠይቋችሁ ባጅ ስለሰጧችሁ ነው። ሌባው ባጇን ገልብጦ ከወሰደ በር ላይ ያለው ፍተሻ አይመለከተውም። ስልካችሁ ላይ በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድም አይጠየቅም፤ ኮዱ የሚጠየቀው በር ላይ ነዋ።

ዘበኛውን አባርሩ የሚል እንግዳ

ታዲያ ይህ ሌባ ለምን ጌም ተጫዋቹን መረጠ? መልሱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ጌም ተጫዋች ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፕሮግራም መክፈት የለመደ ሰው ነው። ክራክ አለ፣ ቺት አለ፣ ሞድ አለ፣ «ነፃ ሮባክስ» አለ። ከዚህም በላይ፣ ዘበኛውን ማባረር የለመደ ሰው ነው። ክራክ የጫነ ሁሉ መመሪያውን በቃሉ ይወጣዋል፤ «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን አጥፋ፤ የሚጮኸው በስህተት ነው።» ይህ ምክር ዕድሜ የጠገበው አንዳንዴ እውነት ስለሆነ ነው። ሌባ የሌለበት ክራክም አንቲቫይረሱን ያስጮኸዋል፤ የሌላ ፕሮግራም ቁልፍ የሚሰብር ነገር ነውና። ሌባው አዲስ ውሸት መፍጠር አላስፈለገውም። ሁላችንም በምናውቃት አሮጌ እውነት ውስጥ ተጠቅልሎ ገባ።

በሴፕቴምበር 2022 ካስፐርስኪ የተባለው የአንቲቫይረስ ኩባንያ ያወጣውን ነገር እናንሳ። ዩቲዩብ ላይ የቺትና የክራክ ቪዲዮዎች ይለቀቃሉ፤ ፊፋ 22 አለበት፣ ፎርዛ አለበት፣ ፋይናል ፋንታሲ አለበት፣ ስፓይደርማን አለበት። ከቪዲዮው ሥር ሊንክ አለ፤ ሊንኩ የታመቀ ፋይል ያወርዳል፤ ፋይሉ ውስጥ ሬድላይን ተቀምጧል። የተለየ የሚያደርገው ቀጥሎ ያለው ነው። ፕሮግራሙ የተሰረቀውን ልጅ ኩኪ ይዞ በልጁ በራሱ የዩቲዩብ ቻናል ላይ ያንኑ ቪዲዮ መልሶ ይለቅቃል። ልጁን የሚያውቁት ጓደኞቹ «የእሱ ቻናል ነው» ብለው ያወርዳሉ። የትናንቱ ተሰራቂ ሳያውቀው የዛሬው ማስታወቂያ ሠራተኛ ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር እንበል። ብዙው የአዲስ አበባ ጌም ተጫዋች ክራክ የሚጭነው ለስርቆት ፍቅር ኖሮት አይደለም። በብር ካርድ ስቲም ላይ ገብቶ ጌም መግዛት ለአብዛኛው ተማሪ የማይታሰብ ነገር ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ጌም ማለት ከሰው ሃርድ ዲስክ የሚገለበጥ፣ ኮምፒውተር ቤት ሄዶ ከፍሎ የሚጫን ነገር ሆነ። ላፕቶፑ ሲገዛ ዊንዶውሱም ክራክ፣ ኦፊሱም ክራክ፣ አንቲቫይረሱም ከሱቁ ሳይወጣ የጠፋ ሊሆን ይችላል። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ነው እንግዲህ «ማን ጫን አለህ?» የሚባለው። ጫን ያለውማ ያደገበት ልማድ ነው።

ሕግ ያከበረውስ?

«ልክ ነው፤ ክራክ አትጫን፣ ከታመነ ቦታ ብቻ አውርድ፣ አለቀ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ እኛም እንደግመዋለን። ግን አያልቅም።

በጁን 2023 ማይንክራፍት የሚጫወቱ ሰዎች ላይ የደረሰውን ተመልከቱ። ሞድ የሚያወርዱበት ከርስፎርጅ የታወቀና የተከበረ ቦታ ነው። ሌቦቹ የሞድ ሠሪዎችን አካውንት ይዘው በሰው ሁሉ ዘንድ በሚታወቁ ሞዶች ውስጥ «ፍራክቸራይዘር» የተባለውን ቫይረስ ከተቱ። የብራውዘር ኩኪ፣ የዲስኮርድና የማይክሮሶፍት አካውንት መግቢያ ይሰርቅ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ላይ ወዳሉ ሌሎች የጃቫ ፋይሎችም ይዛመት ነበር። የተሰረቁት ከሚያምኑት ቦታ፣ የሚያውቁትን ሞድ ያወረዱ ናቸው።

በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ስቲም ላይ ራሱ «ፓይሬትፋይ» የሚባል ነፃ ጌም ወጣ። ከቀናት በኋላ መረጃ ሰራቂ እንዳለበት ታውቆ ወረደ። የስቲም ባለቤት ቫልቭ ጌሙን ለከፈቱት ሰዎች በላከው መልእክት ኮምፒውተራቸውን በሙሉ በአንቲቫይረስ እንዲፈትሹ፣ ዊንዶውሱን ደምስሰው እንደገና መጫንንም እንዲያስቡበት መከረ። በዚያው ዓመት «ብሎክብላስተርስ» መጣ። ይኸኛው በጁላይ መጨረሻ ሲወጣ ንጹሕ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ፣ በኦገስት 30፣ በአፕዴት መልክ ሌባው ተጨመረበት፤ እስከ ሴፕቴምበር 21 ድረስም አልተነሳም። በዚያ መሐል ለካንሰር ሕክምናው ገንዘብ እያሰባሰበ በቀጥታ ሥርጭት ጌም ሲጫወት የነበረ ሰው ከ32 ሺህ ዶላር በላይ ተወሰደበት። ከስቲም ነው ያወረደው። ነፃ ጌም ነው የከፈተው። ይህንን ሰው «ማን ጫን አለህ?» ብሎ መጠየቅ የሚችል አፍ አለ?

ስለዚህ ጥያቄዋ ነገሩን በትክክል አትገልጸውም የምንለው ለዚህ ነው። ጥንቃቄ አደጋውን ይቀንሳል፤ የተሰረቀ ሁሉ ግን አልተጠነቀቀም ማለት አይደለም።

«የልጆች ነገር ነው»

ሌላም የምንሰማት ቃል አለች፤ «ምን ይወሰድበታል? የጌም አካውንት ነው!» የሚወሰደውን ለማወቅ የሚሸጥበትን ገበያ ማየት ይበቃል። በኤፕሪል 2023 የብዙ አገር ፖሊሶች ተባብረው የዘጉት «ጀነሲስ ማርኬት» የተባለ የኢንተርኔት ገበያ ነበር። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት እንዳለው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች የተለቀመ፣ ከ80 ሚሊዮን በላይ የአካውንት መግቢያ ለሽያጭ ቀርቦበታል። የአንድ ኮምፒውተር ሙሉ ጓዝ ከ0.70 ዶላር እስከ ብዙ መቶ ዶላር ይሸጥ ነበር። ገዢው ኮምፒውተሩ የጌም ተጫዋች ይሁን የባንክ ሠራተኛ ግድ የለውም። ውስጡ ያለውን ነው የሚያየው።

ውስጡስ ምን አለ? በእኛ ቤት አንድ ላፕቶፕ የአንድ ሰው አይደለም። ልጁ ማታ ማታ ይጫወትበታል፤ እህቱ የመመረቂያ ጽሑፏን ትሠራበታለች፤ አባት የቢሮ ኢሜይላቸውን ይከፍቱበታል፤ ዱባይ ያለችው አክስት በቴሌግራም የምታወራው በእሱ ነው። የቤቱ ሁሉ ቁልፍ አንድ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ሌባው የልጁን ጌም ብሎ ገብቶ የአባትን ኢሜይል ይዞ ሊወጣ ይችላል። በእናት ቴሌግራም ደግሞ ለአክስት «አስቸኳይ ገንዘብ ፈልጌ ነበር» ብሎ መጻፍ አያቅተውም።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ 2024 ላይ የሆነውን እንንገራችሁ። ስኖውፍሌክ የተባለው ኩባንያ ለሌሎች ኩባንያዎች ትልልቅ መረጃ የሚያስቀምጥ ነው። በዚያ ዓመት ሌቦች በደንበኞቹ አካውንት ገብተው መረጃ ዘረፉ። ጉዳዩን የመረመረው ማንዲያንት እንዳለው ጉዳት ሊደርስባቸው ይችላል ተብለው የተነገራቸው ድርጅቶች ወደ 165 ገደማ ነበሩ። የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ሞላ ጎደል የሁሉም ሞባይል ደንበኞቹ የጥሪ መዝገብ ተወስዶበታል። የመግቢያ ፓስወርዶቹ የተገኙት በመረጃ ሰራቂዎች ነው። ከመርማሪዎቹ ግኝት አንዱን ልብ በሉ፤ በቫይረስ ከተያዙት ኮምፒውተሮች አንዳንዶቹ የኮንትራት ሠራተኞች የግል ሥራ የሚሠሩባቸው፣ ጌም የሚጫወቱባቸውና ክራክ የሚያወርዱባቸው ነበሩ። የተሰረቁት ፓስወርዶች ደግሞ አንዳንዶቹ ከ2020 ጀምሮ በሌባ እጅ ያሉ ነበሩ። ለዓመታት የቀየራቸው አልነበረም። ሁለተኛ ኮድ የሚጠይቀው መቆለፊያም አካውንቶቹ ላይ አልተከፈተም ነበር። (ባጅ ለሰረቀ ሌባ ኮዱ ላይሠራ ይችላል፤ ፓስወርድ ብቻ ይዞ በር ላይ ለቆመው ግን ይሠራል። ስለዚህ ክፈቱት።)

ፖሊስስ?

ፖሊስ ዝም አላለም። በኦክቶበር 2024 የኔዘርላንድስ ፖሊስ ከአሜሪካውና ከሌሎች አገሮች ጋር ሆኖ «ኦፕሬሽን ማግነስ» ባለው ዘመቻ ሬድላይንንና ሜታ የተባለውን ወንድሙን መታቸው፤ ሰርቨር ተያዘ፣ ሁለት ሰዎች ቤልጂየም ውስጥ ታሰሩ። በሜይ 2025 ተራው የሉማ ሆነ። ሉማ ለፈለገ ሌባ በወር ክፍያ የሚከራይ ነው፤ ልክ እንደ ኢንተርኔት ፓኬጅ። ማይክሮሶፍት ከማርች 16 እስከ ሜይ 16፣ በሁለት ወር ብቻ፣ ከ394 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች በሉማ መያዛቸውን ቆጠረ። ወደ 2,300 የሚሆኑ የድረ ገጽ አድራሻዎቹ ተነጠቁ። ደስ አለን። ከሳምንታት በኋላ ግን ሉማ ተመልሶ መታየቱ ተዘገበ።

እኛም ዘንድ ሕግ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ይኸኛው በራሳችን አቆጣጠር ነው) ሳይፈቀድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርጋል። ሌባው ግን ሌላ አገር ነው ያለው፤ ስሙም አይታወቅም። ልጁ የዲስኮርድ አካውንቱ ተወሰደ ብሎ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ ምን እንደሚሉት መገመት አያዳግትም። ምናልባትም «ማን ጫን አለህ?» ይሉታል።

ይበለው የሚሉ

አሁን ከሚቃወሙን ሰዎች ጋር በቅንነት እንነጋገር። «የሰው ሥራ በነፃ ሊወስድ ሄዶ ተሰረቀ፤ ሌባን ሌባ ሰረቀው፤ ይበለው» የሚሉ አሉ። ቺት የሚያወርደውንም «ጓደኞቹን አጭበርብሮ ሊያሸንፍ ነበር» ይሉታል። አባባሉ እውነት አለበት። ጌም የሚሠሩ ሰዎችም እንጀራ ይበላሉ፤ ቺት የሚጠቀምም ጨዋታውን ያበላሻል። ይህን አንክድም።

ቅጣቱ የሚያርፈው ግን ማን ላይ ነው? ክራክ ያወረደው ልጅ ላይ ብቻ ቢያርፍ ኖሮ ክርክሩ በተረዳን ነበር። የሚያርፈው የአባት ኢሜይል ላይ፣ የእህት መመረቂያ ጽሑፍ ላይ፣ የአክስት ቦርሳ ላይ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ለሠራት ጥፋት ቤተሰቡ ሁሉ ይገረፍ የሚል ፍርድ የትም የለም። ደግሞ «ይበለው» ማለት ማንንም ክራክ ከመጫን ሲያስቆም አላየንም። የሚያስቆመው መናገርን ነው።

ጅብ ከሄደ

ዋናው ነገራችን ይኸው ነው። መረጃ ሰራቂ ከወሰደ በኋላ ጨዋታው የሰዓት ነው። የተሰረቀችው ባጅ የምትሠራው እስክትሰረዝ ድረስ ነው። አካውንቱ ላይ ገብታችሁ «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን ከተጫናችሁ አገልግሎቱ የድሮዎቹን ባጆች ይሰርዛል፤ ሌባው የያዘው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ሌባው ቀድሞ ገብቶ ፓስወርዱንና የስልክ ቁጥሩን ከቀየረ ግን ውጪ የምትቀሩት እናንተ ናችሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ሰዓታት ሊሆን ይችላል። ያን ሰዓት የሚወስነው ልጁ ወዲያው መናገሩ ወይም መደበቁ ነው። አበው በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው። እኛ ደግሞ በቁጣችን ሸሽግ እንለዋለን፤ ጅቡ ከሄደ በኋላ እንጮሃለን።

ስለዚህ «ማን ጫን አለህ?» የምትለዋን ጣሏትና በእሷ ቦታ ሦስት ጥያቄ ያዙ። መቼ ነው የከፈትከው? በዚህ ኮምፒውተር ላይ የማን የማን አካውንት ተከፍቷል? ስልክህ የት ነው? ስልኩ የሚፈለገው ቁልፎቹን መቀየር ያለባችሁ ከሌላ፣ ካልተነካ መሣሪያ ስለሆነ ነው። በተያዘው ላፕቶፕ ላይ አዲስ ፓስወርድ መጻፍ ሌባው ፊት ቁልፍ እንደ መቅረጽ ነው። መጀመሪያ ላፕቶፑን ከኢንተርኔት አውጡ። በስልክ ኢሜይሉን ያዙ፤ የሌሎቹ ሁሉ መክፈቻ እሱ ነው። ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ከሁሉም መሣሪያ አስወጡ። ከዚያ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ከስልካችሁ በቀር የተከፈቱትን መሣሪያዎች ሁሉ ዝጉ። ከዚያ ባንክ፣ ከዚያ ስቲምና ዲስኮርድ። ለዘመድ ወዳጅ «በስሜ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢመጣ እኔ አይደለሁም» ብላችሁ ላኩ። በመጨረሻ ላፕቶፑ ተደምስሶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንበት፤ በጠራ ኮፒ እንጂ ያው ክራክ ባለበት ፍላሽ አይደለም።

ሳይሰረቅ በፊትስ? ጌም አትጫወቱ አንልም፤ ብንልም የሚሰማን የለም። ቁልፎቹን ከጌሙ ለዩ ነው የምንለው። የቢሮና የባንክ ነገር ጌም በሚጫንበት ኮምፒውተር ላይ አይከፈት። አማራጭ ከሌለና ላፕቶፑ አንድ ከሆነ፣ ለጌም የተለየ የዊንዶውስ ዩዘር ክፈቱ፤ የአድሚን ሥልጣን የሌለው ይሁን፣ የአድሚኑ ፓስወርድም ሌላ ሰው ጋ ይቀመጥ። ፍጹም መከላከያ አይደለም፤ ግን ሌባው አንድ ክፍል እንጂ ቤቱን በሙሉ እንዳያገኝ ያደርጋል። ብራውዘር ላይ ፓስወርድ ሴቭ አታድርጉ። «አንቲቫይረስህን አጥፋ» የሚል መመሪያ ያለበትን ማንኛውንም ነገር እዚያው ተዉት።

ለኮምፒውተር ቤቶችም አንድ ቃል አለን። ደንበኛው ላፕቶፕ ላይ ጌም ስትጭኑ አንቲቫይረሱን ካጠፋችሁ፣ ቢያንስ አጥፍተናል ብላችሁ ንገሩት። ዘበኛው እንደሌለ የማያውቅ ሰው በሩን ከፍቶ ይተኛል።

ወላጆች ይህን ካነበባችሁ የምንለምናችሁ ቀላል ነው። ዛሬ ማታ፣ ምንም ሳይፈጠር፣ ለልጃችሁ «አንድ ነገር ብትጭንና ብትጠረጥር፣ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰኝ፤ አልቆጣህም» በሉት። በሉትና ደግሞ አትቆጡት።

ቸር ይግጠመን።